ዲሞክራሲን የሚጠብቀው ማን ነው? ስለ አሜሪካ ሀገር ወዳድነት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አሜሪካ ያለን ኢትዮጵያውያን ስለ ፖለቲካ ብዙ እናወራለን። ቡና ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ፣ ከጁምዓ በኋላ መስጊድ ደጃፍ። አብዛኛው ወሬ ግን ስለ ፕሬዚዳንቱ ነው። ማን ያሸንፋል፣ ማን ማንን ሰደበ። ተራው ዜጋ በዚህ ወሬ ውስጥ ተመልካች ነው። የአሜሪካንን ታሪክ ስናነብ ግን የምናገኘው ሌላ ነው። ይህን ሥርዓት በክፉ ቀን ደግፈው ያቆሙት ብዙውን ጊዜ ሥልጣን የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ጥጥ ለቃሚ፣ የሌሊት ጥበቃ፣ ተማሪ፣ የምርጫ ጣቢያ ሠራተኛ። ደጋግመው የሚነሱ የተሳሳቱ አመለካከቶችን አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሀገር ወዳድ ማለት ፕሬዚዳንቱን የሚደግፍ ነው»

ሰው የሚወደው መሪ ሥልጣን ሲይዝ ይህን ይላል። የማይወደው ሲመጣ ይረሳዋል። መልሱ ያለው መሐላው ውስጥ ነው። ዜግነት የወሰደ ሁሉ ቀኝ እጁን አንስቶ የማለው የአሜሪካን ሕገ መንግሥትና ሕጎች ከውጭም ከውስጥም ጠላት ለመጠበቅ ነው። የፕሬዚዳንት ስም የለበትም። የፓርቲ ስም የለበትም። የኮንግረስ አባላት፣ ዳኞችና የፌዴራል ሠራተኞችም የሚምሉት ለሕገ መንግሥቱ ነው። የጦር መኮንኖች መሐላ ፕሬዚዳንቱን ጨርሶ አይጠቅስም። ተራ ወታደሮች የፕሬዚዳንቱን ትእዛዝ እንደሚቀበሉ ይምላሉ፤ ግን መጀመሪያ የሚምሉት ለሕገ መንግሥቱ ነው። ትእዛዙም በወታደራዊ ሕግ መሠረት መሆን አለበት። ፕሬዚዳንቱ ራሱ ሥራ ሲጀምር የሚምለው ያንኑ ሕገ መንግሥት ለመጠበቅ ነው።

ይህ ከጅምሩ የነበረ ነገር ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ከእንግሊዝ ጋር የተደረገውን ጦርነት አሸንፎ፣ ዲሴምበር 23 ቀን 1783 ሜሪላንድ ውስጥ አናፖሊስ ሄዶ የጦር አዛዥነቱን ለኮንግረስ መልሶ አስረከበ። ጦሩም ክብሩም በእጁ ነበር። አስረክቦ ወደ እርሻው ሄደ።

«መንግሥትን የሚቃወም ሀገሩን አይወድም»

ይህን እኛ ከሀገር ቤት ይዘነው የመጣን ይመስለኛል። መንግሥትን የተቃወመ ሁሉ የሀገር ጠላት ተብሎ ሲፈረጅ አይተን ነው ያደግነው። አሜሪካም ከዚህ ነጻ አልነበረችም። በ1940 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተማሪዎች ለባንዲራ ሰላምታ እንዲሰጡ ማስገደድ ይቻላል ብሎ ወሰነ። ጉዳዩ የይሖዋ ምስክሮች ልጆችን የሚመለከት ነበር፤ እምነታቸው ለባንዲራ ሰላምታ መስጠትን አይፈቅድም። ከፐርል ሃርበር ጥቃት በኋላ ዌስት ቨርጂኒያም ሰላምታውን ግዴታ አደረገች። ሁለት ትንንሽ እህትማማቾች እምቢ በማለታቸው ከትምህርት ቤት ተባረሩ። ቤተሰቡና ሌሎች ወላጆች ከሰሱ። ጁን 14 ቀን 1943፣ ልክ በባንዲራ ቀን፣ ያው ፍርድ ቤት የሦስት ዓመት ዕድሜ ያለውን የራሱን ውሳኔ በ6 ለ3 ድምፅ ሻረው። በሀገር ፍቅርም ሆነ በሃይማኖት ጉዳይ ዜጎች ምን ማመን እንዳለባቸው ማንም ባለሥልጣን ሊያዝ አይችልም አለ። ሀገሪቱ በዚያ ሰዓት ከሂትለር ጋር እየተዋጋች ነበር። በጦርነት መሐል ነው እንዲህ ያለ ፍርድ የተሰጠው።

በ1989 ደግሞ ባንዲራ ማቃጠል እንኳ ሐሳብን የመግለጽ መብት ውስጥ ይገባል ተባለ፤ ያውም በ5 ለ4። ባንዲራ ሲቃጠል ማየት እኔን ያመኛል። ሕጉ ግን የቆመው እኔን ለማስደሰት አይደለም።

ስለ ተቃውሞ ሳስብ ሁሌም ፋኒ ሉ ሄመር ትዝ ትለኛለች። ሚሲሲፒ ውስጥ ሩልቪል በምትባል ከተማ አጠገብ የምትኖር ጥቁር ሴት ነበረች። ለወላጆቿ 20ኛ ልጅ ናት። ከ6 ዓመቷ ጀምሮ ጥጥ ለቅማለች። ኦገስት 31 ቀን 1962 በ44 ዓመቷ ከ17 ሰዎች ጋር አውቶቡስ ተሳፍራ ለምርጫ ልትመዘገብ ኢንዲያኖላ ሄደች። የሕግ ጥያቄ አቅርበው «ወድቀሻል» አሏት። ሲመለሱ ፖሊስ አውቶቡሱን አስቆመ። ሹፌሩን የቀጡበት ምክንያት የአውቶቡሱ ቀለም የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይመስላል የሚል ነው። ማታ ቤቷ ስትደርስ የእርሻው ባለቤት ምዝገባውን ካልተውሽ ልቀቂ አላት። በዚያው ሌሊት ለቀቀች። በሚቀጥለው ዓመት ዊኖና በምትባል ከተማ እስር ቤት ውስጥ ክፉኛ ተደበደበች፤ ኩላሊቷና ዓይኗ እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ አልዳኑም።

ኦገስት 22 ቀን 1964 በዲሞክራቶች ጉባኤ ላይ ይህን ሁሉ በቴሌቪዥን ፊት ተናገረች። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ካሜራው ከእሷ እንዲነሣ ድንገተኛ መግለጫ ጠሩ። ግን ማታ ዜናው መልሶ አሳያት፤ ሀገሩ ሁሉ ሰማ። በዓመቱ፣ ኦገስት 6 ቀን 1965፣ ያው ፕሬዚዳንት የምርጫ መብት ሕጉን ፈረሙ። ሚሲሲፒ ውስጥ ከሕጉ በፊት ለምርጫ የተመዘገቡት መምረጥ ከሚገባቸው 100 ጥቁሮች 7 የሚጠጉት ብቻ ነበሩ። በ1967 ወደ 60 ገቡ። ይህች ሴት መንግሥትን ተቃውማለች፣ ፓርቲዋን በአደባባይ አሳፍራለች። ከእሷ በላይ ለዚህች ሀገር የሠራ ስንት ሰው አለ?

«ተራ ሰው ምን ሊያደርግ ይችላል?»

ይህ ጥያቄ ይመስላል እንጂ የተስፋ መቁረጥ ቃል ነው። ሁለት ሰዎችን ላስተዋውቃችሁ።

የመጀመሪያው ፍራንክ ዊልስ ነው። ዲሲ ውስጥ በሌሊት ጥበቃ ሥራ ስንቶቻችን አልፈናል! ፍራንክ ዊልስም የ24 ዓመት የሌሊት ጥበቃ ነበር፤ ደመወዙ በሳምንት 80 ዶላር። የሚጠብቀው የዋተርጌትን ሕንጻ ነው። ጁን 17 ቀን 1972 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሲዞር የጋራዥ በር ቁልፍ ላይ ቴፕ ተለጥፎ አየ። ሠራተኞች ረስተውት ይሆናል ብሎ አነሣው። ቆይቶ ሲመለስ ቴፑ እንደገና ተለጥፏል። ዝም ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ስልክ አንስቶ ፖሊስ ጠራ። ፖሊሶቹ በዲሞክራቲክ ፓርቲው ቢሮ ውስጥ አምስት ሰዎች ያዙ። የዚያ ክር ጫፍ ሲጎተት ዋይት ሀውስ ደረሰ። ኦገስት 9 ቀን 1974 ፕሬዚዳንት ኒክሰን ሥልጣን ለቀቁ። ዊልስ በዚያ ሌሊት የጻፈበት የጥበቃ መዝገብ ዛሬ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይገኛል። እሱ ግን ከዚያ በኋላ ሥራ ማግኘት ከብዶት በድህነት ኖረ፤ በ2000 በ52 ዓመቱ ሞተ። ይህ ያሳዝነኛል። ሀገር ለእንዲህ ያለ ሰው ቢያንስ ጥሩ ሥራ ልትሰጠው ይገባ ነበር።

ሁለተኛው ግሪጎሪ ዋትሰን ነው። በ1982 ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ለክፍል ጽሑፍ ሲያነብ በ1789 ለስቴቶች ቀርቦ ሳይጸድቅ የቀረ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አገኘ። የኮንግረስ አባላት ለራሳቸው ደመወዝ ቢጨምሩ ጭማሪው የሚጀምረው ከሚቀጥለው ምርጫ በኋላ ይሁን የሚል ነው። ዋትሰን «ቀነ ገደብ ስላልተቀመጠለት አሁንም ሊጸድቅ ይችላል» ብሎ ጻፈ። የሰጡት ውጤት ሲ ነው። ተበሳጨ፤ ግን ብስጭቱን ሥራ ላይ አዋለው። ከኪሱ እያወጣ ለየስቴቱ ምክር ቤት አባላት ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። በ1983 ሜይን አጸደቀች፤ በ1984 ኮሎራዶ። ሌሎችም ተከተሉ። ሜይ 7 ቀን 1992 የሚፈለገው ቁጥር ሞላ። ዛሬ 27ኛው ማሻሻያ የሕገ መንግሥቱ አካል ነው። ዩኒቨርሲቲውም በ2017 ውጤቱን ወደ ኤ ቀየረለት።

«የእኔ አንድ ድምፅ ለውጥ አያመጣም»

ቨርጂኒያ ያላችሁ ይህን ታውቁት ይሆናል። በ2017 ኒውፖርት ኒውስ ላይ ለስቴቱ ምክር ቤት የተወዳደሩት ዴቪድ ያንሲና ሼሊ ሳይመንድስ ድምፃቸው እንደገና ሲቆጠር ሳይመንድስ በ1 ድምፅ በለጠች። በማግስቱ አንድ አከራካሪ የምርጫ ወረቀት በፍርድ ቤት ለያንሲ ተቆጠረ። 11,608 ለ11,608 እኩል ሆኑ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ስማቸው ሳህን ውስጥ ገብቶ ዕጣ ወጣ። ያንሲ አሸነፈ፤ ፓርቲው ምክር ቤቱን በ51 ለ49 ያዘ። ሳይመንድስ ብታሸንፍ 50 ለ50 ይሆን ነበር። በዚያ ቀን «ሥራ በዝቶብኛል» ብሎ የቀረ አንድ ሰው የስቴቱን ምክር ቤት ሚዛን በእጁ ይዞ ነበር።

በ2020 ድምፅ መስጠት ከሚችሉት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ወጡ። በ2022 ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት ዓመት ግን ከግማሽ በታች ነበሩ። ለከተማና ለስኩል ቦርድ ምርጫ ከዚያም ያነሰ ሰው ነው የሚወጣው። የልጆቻችን ትምህርት ቤት፣ የፖሊሱ በጀት፣ የቤት ታክሱ የሚወሰነው ደግሞ እዚያ ነው።

«ምርጫውን የሚያካሂደው ዋሽንግተን ነው፤ የሚቆጥሩትም እነሱ ናቸው»

አይደለም። አሜሪካ ውስጥ አንድ ማዕከላዊ ምርጫ ቦርድ የለም። ምርጫ የሚያካሂዱት ስቴቶችና ካውንቲዎች ናቸው። ጣቢያው ውስጥ መታወቂያ የሚያዩት፣ ወረቀት የሚሰጡት፣ ማሽኑን የሚዘጉት ጎረቤቶቻችን ናቸው። ጡረተኛ አስተማሪ፣ የባንክ ሠራተኛ፣ የኮሌጅ ተማሪ። በ2020 ከ700,000 በላይ ሰዎች ይህን ሠርተዋል፤ ያውም በኮቪድ መሐል። የሁለቱም ፓርቲዎች ታዛቢዎች ቆመው ያያሉ። ጆርጂያ በዚያ ዓመት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ የፕሬዚዳንት ምርጫ ወረቀት በ159 ካውንቲዎች በእጅ ቆጥራለች። አሸናፊው አልተቀየረም።

ምርጫ ላይ ጥርጣሬ ያለው ሰው ማድረግ የሚችለው ከሁሉ የተሻለ ነገር ገብቶ መሥራት ነው። ለካውንቲው ምርጫ ቢሮ ማመልከት ነው፤ ሥልጠና አለው፣ ክፍያም አለው። ብዙ ቦታ የ16 እና የ17 ዓመት ተማሪዎችን ይቀበላሉ። አማርኛ የሚችል ሰው ደግሞ በተለይ ያስፈልጋል። የፌዴራሉ የምርጫ ቋንቋ ሕግ ስፓኒሽን፣ የእስያና የቀደምት አሜሪካውያንን ቋንቋዎች እንጂ አማርኛን አይሸፍንም። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ ምክንያት አማርኛ ትጠቀማለች። በሌላ ቦታ ግን እናቶቻችን ወረቀቱን ማንበብ ካቃታቸው ሕጉ አንድ በር ይከፍታል። ማንበብ ወይም መጻፍ ያልቻለ መራጭ የሚያግዘውን ሰው ራሱ መርጦ ይዞ መግባት ይችላል። አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ብቻ አይሆኑም። ይህን ባለማወቅ ቤት የቀሩ ብዙ አሉ ብዬ አምናለሁ።

«ለሀገር ሲባል ኃይል መጠቀም ይፈቀዳል»

እኛ ሀገር ወዳድ ሲባል ቶሎ የሚታየን ጋሻና ጦር ይዞ አድዋ የዘመተው ነው። ያ ወራሪን ለመመለስ ነበር። በራስ ሀገር ምርጫ ላይ መዝመት ሌላ ነገር ነው። ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 ካፒቶልን ሰብረው ከገቡት ብዙዎቹ ራሳቸውን ሀገር ወዳድ ብለው ይጠሩ ነበር። የደበደቡት ግን የራሳቸውን ሀገር ፖሊስ ነው፤ ያስቆሙት የራሳቸውን ኮንግረስ ሥራ ነው። ኮንግረሱ በዚያው ማታ ተመልሶ ተሰበሰበ፤ ሳይነጋም ውጤቱን አጸደቀ። በውጤቱ ያልተስማማ ሰው ሕጋዊ መንገድ ነበረው፤ ተሞክሮም ነበር። ወደ 60 የሚሆኑ ክሶች ቀርበዋል። ዳኞቹ፣ ራሳቸው ፕሬዚዳንት ትራምፕ የሾሟቸውም ጭምር፣ ውጤቱን የሚቀይር ማስረጃ አላገኙም።

«ጁሪ ዲዩቲ ጣጣ ነው፤ እንዴት ብዬ ላምልጥ?»

ደብዳቤው ሲመጣ ብዙ ሰው ይህን ነው የሚጠይቀው። ጁሪ ማለት ፍርድ ቤት ተጠርተው ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑ ዜጎች ናቸው። ተራ ዜጋ ከመንግሥት በላይ የሚሆንበት ቦታ ነው። ዐቃቤ ሕጉ የቱንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን በከባድ ወንጀል ሰው ለማስፈረድ የጁሪው አባላት በሙሉ መስማማት አለባቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2020 ይህን በሁሉም ስቴት ግዴታ አድርጎታል። አንድ ሰው «አላመንኩም» ካለ አይፈረድም። ከኛ ማኅበረሰብ አንድ ልጅ ተከስሶ ቢቀርብ ከነዚያ ወንበሮች ባንዱ የሚያውቀውን ዓይነት ሕይወት የኖረ ሰው ቢቀመጥ አትወዱም?

የፌዴራል ፍርድ ቤት ለጁሪ በቀን 50 ዶላር ይከፍላል፤ ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ። አሠሪ ግን በዚህ ምክንያት ማባረር አይችልም። አብዛኞቹ ስቴቶችም ተመሳሳይ ሕግ አላቸው። ዜጋ ያልሆነ ሰው ጁሪ መሆን አይችልም፤ ደብዳቤው ቢደርሰው ግን ዝም አይበል፤ ዜጋ አለመሆኑን ጽፎ ይመልስ።

«ሕገ መንግሥቱና ፍርድ ቤቶቹ እያሉ ምን እንሆናለን?»

ይህን የሚያስብ ሰው የጃፓን ተወላጆችን ታሪክ ቢያይ ጥሩ ነው። በ1942 ወደ 120,000 የሚሆኑ ሰዎች፣ ከሦስት ሁለቱ የአሜሪካ ዜጎች፣ ከቤታቸው ተነቅለው ካምፕ ገቡ። ክስ የለም፣ ፍርድ የለም። ኦክላንድ የተወለደው የ23 ዓመት ብየዳ ሠራተኛ ፍሬድ ኮሬማትሱ አልሄድም አለ። ታሰረ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1944 በ6 ለ3 ተፈረደበት። ሕገ መንግሥቱ ያኔም እዚያው ነበር። ፍርድ ቤቱም እዚያው ነበር።

ነገሩን የቀየሩት ሰዎች ናቸው። አይኮ ሄርዚግ ዮሺናጋ ተማሪ ሳለች ካምፕ የገባች ሴት ናት። የታሪክ ምሁር አልነበረችም። ካደገች በኋላ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት እየተመላለሰች ወረቀት ታገላብጥ ጀመር። በ1982 ጦሩ ስለ እስሩ ያዘጋጀውን ሪፖርት የመጀመሪያ ቅጂ አገኘች። መንግሥት ሪፖርቱን ቀይሮ፣ የቀድሞዎቹን ቅጂዎች አቃጥሎ ነበር፤ አንዱ ተርፎ በእጇ ገባ። በጦርነቱ ጊዜ ለፍርድ ቤት የቀረበው ምክንያት «ታማኙን ከከዳተኛው ለመለየት ጊዜ አልነበረም» የሚል ነው። የመጀመሪያው ቅጂ ግን ጉዳዩ ጊዜ ማጠሩ እንዳልሆነ ይናገራል፤ አዛዡ እነዚህን ሰዎች ጭራሹን መለየት አይቻልም ብሎ ያምን ነበር። በ1983 ዳኛ የኮሬማትሱን ጥፋተኝነት ሰረዙ። በ1988 መንግሥት ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር እንዲከፈል በሕግ ወሰነ። ከእስሩ እስከ ይቅርታው 46 ዓመት ሄዷል።

«ግሪን ካርድ ላይ ነኝ፤ እኔን አይመለከተኝም»

ግማሹ እውነት ነው። ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት አይችልም። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ከሀገር ሊያስባርር፣ ዜግነትም ሊያስከለክል ይችላል። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ «ለምርጫ ልመዝግብህ?» ሲሏችሁ ዜጋ ካልሆናችሁ አይሆንም በሉ። ከሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ ያለችው ታኮማ ፓርክ ከ1992 ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማዋ ምርጫ እንዲሳተፍ ትፈቅዳለች። ያ ግን ለከተማዋ ምርጫ ብቻ ነው። ከመሳተፋችሁ በፊትም የኢሚግሬሽን ጠበቃችሁን ጠይቁ።

ሌላው ግማሽ ስህተት ነው። ሐሳብን የመግለጽ፣ የመሰብሰብ፣ አቤት የማለት መብቶች በሕገ መንግሥቱ ለዜጋ ብቻ ተብለው አልተጻፉም። በስኩል ቦርድ ስብሰባ ላይ መናገር፣ ለምክር ቤት አባል መጻፍ፣ በሠራተኛ ማኅበር መደራጀት ዜግነት አይጠይቁም።

«አሜሪካን መውደድ ኢትዮጵያን መክዳት ነው»

ይህ የብዙ ሰው ልብ ውስጥ ያለ ጭንቀት ስለሆነ በቀላሉ አላልፈውም። የዜግነት መሐላው ለሌላ መንግሥት ያለንን ታማኝነት ያስተወናል። ኢትዮጵያም ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፤ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ነው የሚኖረን። ይህ ለብዙዎች ከባድ ቀን ነው፤ አልቅሰው የማሉ አሉ። መሐላው ግን ቋንቋህን ተው አይልም። እናትህን እርሳ፣ ጥምቀትን ወይም ዒድን አታክብር፣ ስለ ተወለድክበት ሀገር አትጨነቅ አይልም።

እንዲያውም ለኢትዮጵያ የሚጮኸው ድምፃችን የሚሰማው የአሜሪካ ዜጋ ስንሆን ነው። ኤፕሪል 10 ቀን 2018 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ላይ ኤችአር 128 የተባለውን ውሳኔ አሳለፈ። በይዘቱ የተስማማም ያልተስማማም አለ፤ አስገዳጅ ሕግም አልነበረም። ከጀርባው ግን በየስቴቱ የተወካያቸውን ቢሮ ያንኳኩ፣ ስልክ የደወሉ፣ ፊርማ ያሰባሰቡ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ነበሩ። ታክሲ ሹፌሮች፣ ነርሶች፣ የሱቅ ባለቤቶች። ያንን በር ማንኳኳት የቻለ ማኅበረሰብ የልጁን ትምህርት ቤት በር ማንኳኳት አያቅተውም።

ከጋምቤላ ተሰዶ በኬንያ መጠለያ ያለፈው ኦባላ ኦባላ በ2019 መጨረሻ የአሜሪካ ዜጋ ሆነ። በኖቬምበር 2020 ሚኒሶታ ውስጥ በኦስቲን ከተማ ምክር ቤት ተመረጠ። ዜግነቱ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር። መወዳደር የማይፈልግ ሰው የሚጀምርበት ቦታ ደግሞ ሌላ ነው። የስኩል ቦርዱ ስብሰባ ቀን በካውንቲያችሁ ድረ ገጽ ላይ አለ። ለመናገር የሚመዘገቡትም ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። አንድ ሰው በአብዛኛው የሚሰጠው ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ስለሆነ የምትሉትን ጽፋችሁ ሂዱ።